አንድ ሦስተኛ ድምፅ፣ ሁለት ሦስተኛ ወንበር፦ የብሪታንያ ፖለቲካና ፓርቲዎቹ እንዴት ይሠራሉ?

ጁላይ 4 ቀን 2024 በተካሄደው የብሪታንያ ጠቅላላ ምርጫ ሌበር ፓርቲ ከተሰጠው ድምፅ ያገኘው 33.7 በመቶ ነው። ፓርላማ ሲገባ ግን ከ650 ወንበሮች 411ዱን ይዞ ገባ፤ ከመቶው ስልሳ ሦስት መሆኑ ነው። በዚያው ምርጫ ሪፎርም ዩኬ የተባለው የቀኝ ክንፍ ፓርቲ ከ4 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ሰብስቦ የደረሰው 5 ወንበር ብቻ ነበር። ሊበራል ዴሞክራቶች ደግሞ ከእርሱ ባነሰ፣ በ3.5 ሚሊዮን ገደማ ድምፅ 72 ወንበር ወሰዱ። ድምፅ አልተሰረቀም፣ ቆጠራም አልተዛባም። ሕጉ የሚያዘው አቆጣጠር ይህንኑ ነው የሚሰጠው።

ስለ ብሪታንያ ፖለቲካ ወደ እኛ የሚደርሰው ዜና አብዛኛውን ጊዜ የሰዎች ዜና ነው፤ ማን ወረደ፣ ማን ተተካ፣ የሪፎርም መሪ ናይጄል ፋራጅ ስለ ስደተኞች ምን ተናገሩ። በ2022 ብቻ አገሪቱ ሦስት ጠቅላይ ሚኒስትሮችን ስታፈራርቅ ብዙ ሰው ግራ ተጋብቶ ነበር። ከላይ ያሉትን ቁጥሮች የተረዳ ሰው ግን የቀረውን ትርምስ ለመከታተል አይቸገርም፤ ስለዚህ ከእነርሱ እንነሣለን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

## ሕዝቡ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ይመርጣል?

አይመርጥም። በ2024 የሌበር መሪ የነበሩት የኪር ስታርመር ስም በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ የታተመው በሰሜን ለንደን በምትገኘው በሆልቦርንና ሴንት ፓንክራስ የምርጫ ክልል ብቻ ነው። በሌሎቹ 649 የምርጫ ክልሎች የነበረ መራጭ ሌበርን ቢፈልግ እንኳ የመረጠው የአካባቢውን የሌበር ዕጩ ነው። ወረቀቱ ላይ የዕጩዎቹ ስም ከነፓርቲያቸው ተዘርዝሯል፤ መራጩ ከመረጠው ሰው ስም ትይዩ በእርሳስ የኤክስ ምልክት ያደርግና ሳጥኑ ውስጥ ይከታል። ሌላ የሚሞላው ነገር የለም።

ከ650ዎቹ የምርጫ ክልሎች 543ቱ በእንግሊዝ፣ 57ቱ በስኮትላንድ፣ 32ቱ በዌልስ፣ 18ቱ በሰሜን አየርላንድ ይገኛሉ። እያንዳንዱ አንድ እንደራሴ ወደ ታችኛው ምክር ቤት ይልካል። ከእንደራሴዎቹ ከግማሽ በላይ የሆኑት ከአንድ ፓርቲ ከመጡ የዚያ ፓርቲ መሪ ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናል። የሚሾመው ንጉሡ ነው፤ ንጉሡ ግን የሚያማርጠው ነገር የለም። በምርጫው ማግስት፣ ጁላይ 5 ረፋድ ላይ፣ ተሸናፊው የወግ አጥባቂው ፓርቲ መሪ ሪሺ ሱናክ ወደ ቤተ መንግሥት ሄደው ሥልጣናቸውን ለንጉሥ ቻርልስ ሳልሳዊ አስረከቡ። ትንሽ ቆይተው ስታርመር ገቡና ተሾሙ፤ በዚያው ቀን የጠቅላይ ሚኒስትሩ መኖሪያና ቢሮ የሆነው ዳውኒንግ ስትሪት ቁጥር 10 ገብተው ሥራ ጀመሩ። አሜሪካ ውስጥ ከሁለት ወር በላይ የሚወስደው ርክክብ እዚህ በግማሽ ቀን ያልቃል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ጠቅላይ ሚኒስትሩን በሥልጣን የሚያቆየው የእንደራሴዎቹ ድጋፍ መሆኑ ነው። ድጋፋቸውን ካነሡ ሕዝቡ ሳይጠየቅ ሰውዬው ይሄዳል።

## ከመቶ 34 ድምፅ እንዴት ከመቶ 63 ወንበር ይሆናል?

የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ የሚከታተል ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ዋንጫ የሚወሰደው ዓመቱን ሙሉ በተቆጠረው የጎል ብዛት አይደለም። 5 ለ 0 ያሸነፈ ቡድንም ሆነ 1 ለ 0 ያሸነፈ ቡድን የሚያገኘው ሦስት ነጥብ ነው። የብሪታንያ ምርጫም 650 የተለያዩ ጨዋታዎች ማለት ነው። አንድ ዕጩ በ20 ሺሕ ድምፅ በልጦም ሆነ በአንድ ድምፅ በልጦ የሚያገኘው ያችኑ አንድ ወንበር ነው። የተሸናፊዎቹ ድምፅ የትም አይደመርም፤ ሁለተኛ ዙር ደግሞ የለም።

አንድ ቦታ ቀረብ ብለን እንይ። ደቡብ ምዕራብ ኖርፎክ በምሥራቅ እንግሊዝ ያለ፣ በአመዛኙ ገጠር የሆነ የምርጫ ክልል ነው። የወግ አጥባቂው ፓርቲ የቀድሞዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊዝ ትረስ በ2019 እዚያ ያሸነፉት ከ26 ሺሕ በሚበልጥ የድምፅ ልዩነት ነበር። በ2024 የሌበሩ ዕጩ 11,847፣ ትረስ 11,217፣ የሪፎርም ዕጩ 9,958፣ አንድ የግል ተወዳዳሪ ደግሞ 6,282 ድምፅ አገኙ። ሌበር በ630 ድምፅ አሸነፈ። የአሸናፊው ድርሻ 26.7 በመቶ ነው፤ ከአራት መራጮች ወደ ሦስት የሚጠጉት ሌላ ሰው መርጠዋል ማለት ነው። የትረስና የሪፎርም ድምፅ ቢደመር ከ21 ሺሕ ይበልጣል፤ ግን ሁለት ቦታ ተከፍሏል፤ ሕጉም ደምሮ አያይም።

በአገር አቀፍ ደረጃ የሆነውም ይኸው ነው። በ2024 ወግ አጥባቂው ፓርቲ 23.7፣ ሪፎርም 14.3 በመቶ አገኙ። የቀኝ ክንፉ ድምፅ ለሁለት ሲከፈል ሌበር በብዙ ቦታ በጠባብ ልዩነት አለፈ። እንዲያውም ሌበር በ2019 ከ10 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አግኝቶ በከባድ ሽንፈት 202 ወንበር ብቻ ነበር የያዘው። በ2024 ድምፁ ወደ 9.7 ሚሊዮን ዝቅ ብሎ ወንበሩ በእጥፍ አደገ። የተለወጠው የተቃዋሚዎቹ አሰላለፍ ነው።

ይህ አቆጣጠር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ባዕድ አይደለም። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 በአንድ የምርጫ ክልል ከሚወዳደሩት መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘው አሸናፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። አብላጫ ማለት ከግማሽ በላይ ሳይሆን ከሌሎቹ የበለጠ ማለት ነው።

## ሪፎርም 4 ሚሊዮን ድምፅ ይዞ ለምን 5 ወንበር ብቻ አገኘ?

ድምፁ አገሩን ሁሉ ስለዳረሰ ነው። ሪፎርም በ98 የምርጫ ክልሎች ሁለተኛ ወጥቷል፤ ሁለተኛነት ደግሞ ዋጋ የለውም። ሊበራል ዴሞክራቶች በተቃራኒው ገንዘባቸውንና በጎ ፈቃደኞቻቸውን ወግ አጥባቂዎችን ሊያሸንፉ በሚችሉባቸው፣ በተለይ በደቡብ እንግሊዝ ባሉ ክልሎች ላይ አፈሰሱ። በሌላው ቦታ ብዙም አልደከሙም። 12.2 በመቶ ድምፅ 72 ወንበር ያስገኘላቸው ይህ ነው።

ድምፁ የተጠራቀመለት ፓርቲ ደግሞ ከድርሻው በላይ ይወስዳል። የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ በ2015 የስኮትላንድን ድምፅ ግማሽ አግኝቶ ከ59 ወንበሮች 56ቱን ጠራርጎ ወሰደ። በ2024 ድርሻው ወደ 30 በመቶ ሲወርድ 9 ወንበር ቀረው። መራጩ ከአምስት ሁለቱ ገደማ ነው የሸሸው፤ ወንበሩ ግን ከስድስት አምስቱ ያህል ሄደ። አቆጣጠሩ ሲያነሣም ሲጥልም ያጋንናል።

## ይህ ችግር ዛሬ የመጣ ነው?

ችግሩ የቆየ ነው። በ1951 ሌበር ከወግ አጥባቂዎች የበለጠ ድምፅ አግኝቶ ያነሰ ወንበር በማግኘቱ ሥልጣን ለቅቋል። በ1983 ደግሞ የሊበራሎችና የሶሻል ዴሞክራቶች ጥምረት 25.4 በመቶ አግኝቶ 23 ወንበር ሲደርሰው፣ በ27.6 በመቶ ጥቂት ብቻ የበለጠው ሌበር 209 ወንበር ይዟል።

በድሮውና በዛሬው መካከል ያለው ልዩነት የሚታየው ግን ሌላ ቁጥር ላይ ነው። በ1951 ከመቶ መራጭ ወደ 97 የሚሆነው የመረጠው ከሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች አንዱን ነበር። ሁለት ተፋላሚ ብቻ ካለ ያሸነፈው ከግማሽ ብዙም አይርቅም፤ ስለዚህ አቆጣጠሩ ሸካራ ቢሆንም ያስኬዳል። በ2024 የሁለቱ ድርሻ ተደምሮ 57 በመቶ ገደማ ወረደ። ለሁለት የተሰፋ ልብስ አምስትና ስድስት ሰው ሊለብሰው ይታገላል።

ለምን ወረደ? ዋናው ምክንያት የድሮው መከፋፈያ መስመር መደብዘዙ ነው። ቀድሞ የማዕድን ማውጫና የፋብሪካ ሠራተኛው ሌበርን፣ ባለ ንብረቱና ገጠሬው ወግ አጥባቂውን ይመርጥ ነበር፤ አባት የመረጠውን ልጅም ይመርጣል። ማዕድኑ ሲዘጋ፣ ፋብሪካው ሲፈርስ፣ ሠራተኛ ማኅበሩ ሲዳከም ያ ታማኝነት ላላ። ከዚያ ጁን 23 ቀን 2016 ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት የተደረገው ሕዝበ ውሳኔ መጣ። 51.9 በመቶው እንውጣ አለ፣ 48.1 በመቶው እንቆይ አለ። ጥያቄው ሁለቱንም ፓርቲዎች መሐል ለመሐል ሰነጠቃቸው፤ በሰሜን እንግሊዝ ያለ የሌበር ቤተሰብ ለመውጣት፣ በለንደን ዳርቻ ያለ የወግ አጥባቂ ቤተሰብ ለመቆየት ድምፅ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ መራጩ ወደ ቀድሞ ቤቱ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም።

አቆጣጠሩን ለመለወጥ አንድ ጊዜ ተሞክሯል። በሜይ 2011 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ መራጩ ዕጩዎቹን በቅደም ተከተል የሚያስቀምጥበት አሠራር ቀርቦ ወደ 68 በመቶ የሚሆነው ውድቅ አድርጎታል። ሊለውጡት የሚችሉት ደግሞ በዚሁ አቆጣጠር ያሸነፉት ናቸው፤ ለመለወጥ የሚያስቸኩላቸው ምክንያት እምብዛም የለም።

## ፓርቲዎቹ እነማን ናቸው?

ሌበር በ1900 የሠራተኛ ማኅበራት በፓርላማ የራሳቸው ተወካይ እንዲኖራቸው ብለው የመሠረቱት ነው። እስከ ዛሬም ማኅበራቱ ገንዘብ ያዋጡለታል፣ በውስጡም ድምፅ አላቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1948 ሕክምናን ለሁሉም ነፃ ያደረገውን ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ያቋቋመው እርሱ ነው፤ ይህ ሥራው ዛሬም ትልቁ ኩራቱ ነው። በውስጡ የሁልጊዜ ትግል አለ፤ አንዱ ወገን መንግሥት ብዙ ይሥራ፣ ሀብታም ብዙ ግብር ይክፈል ይላል፤ ሌላው መሐል ያለውን መራጭ እንዳናስፈራ ይላል። በ2017 ጀረሚ ኮርቢን ከመጀመሪያው ወገን ሆነው 40 በመቶ ድምፅ ቢያገኙም አላሸነፉም፤ ስታርመር ከሁለተኛው ወገን ሆነው 33.7 በመቶ አግኝተው አሸነፉ። ኮርቢን ከፓርቲው ተገልለው በ2024 በግል ተወዳድረው ወንበራቸውን አስጠበቁ፤ በ2025 ደግሞ አዲስ የግራ ፓርቲ ወደ መመሥረት ሄደዋል።

ወግ አጥባቂው ፓርቲ፣ በተለምዶ ቶሪ የሚባለው፣ መነሻው 1830ዎቹ ናቸው። ዝቅተኛ ግብር፣ የግል ንብረት፣ ነባሩን ሥርዓት ማስጠበቅ መለያዎቹ ናቸው። ከ2010 እስከ 2024 ለ14 ዓመት ገዝቶ አምስት ጠቅላይ ሚኒስትሮች አፈራርቋል፤ ካሜሮን፣ ሜይ፣ ጆንሰን፣ ትረስ፣ ሱናክ። በ2024 የቀረለት 121 ወንበር በታሪኩ ዝቅተኛው ነው። በኖቬምበር 2024 መሪነቱን የያዙት ኬሚ ባደኖክ ከናይጄሪያውያን ወላጆች ለንደን ተወልደው አብዛኛውን ልጅነታቸውን ናይጄሪያ ያሳለፉ ናቸው።

ሪፎርም ዩኬ ወጣት ፓርቲ ነው። በ2019 የብሬክዚት (ከአውሮፓ ኅብረት የመውጣት) ፓርቲ ተብሎ ተነሣ፣ በ2021 ስሙን ቀየረ። መሪው ናይጄል ፋራጅ ከዚያ በፊት ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ይል የነበረውን ዩኪፕ የተባለ ፓርቲ መርተዋል፤ ክላክተን በተባለች የባሕር ዳር ከተማ በ2024 ያሸነፉት ለፓርላማ ሲወዳደሩ ለስምንተኛ ጊዜያቸው ነው። የፓርቲው ዋና ጉዳይ ስደት ነው፤ በጀልባ የሚገቡትን ማስቆም፣ በሕጋዊ መንገድ የሚገቡትንም መቀነስ ይላል። በሜይ 2025 በተደረገው የአካባቢ ምርጫ ከ670 በላይ የምክር ቤት ወንበር አግኝቶ 10 ምክር ቤቶችን ተቆጣጠረ። በዚያው ቀን በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ በራንኮርንና ሄልስቢ በተደረገ የማሟያ ምርጫ ሌበርን በ6 ድምፅ አሸነፈ። ስድስት ሰው አንድ ቤተሰብ ነው።

ሊበራል ዴሞክራቶች የመሐል ፓርቲ ናቸው፤ መሪያቸው ኤድ ዴቪ ናቸው። የእነርሱ ታሪክ ለትንሽ ፓርቲ ሁሉ ትምህርት ነው። በ2010 አንድም ፓርቲ ከግማሽ በላይ ስላላገኘ በ57 ወንበራቸው ከካሜሮን ጋር ጥምር መንግሥት መሠረቱ። ከምርጫው በፊት የዩኒቨርሲቲ ክፍያ እንዳይጨምር ፈርመው ቃል ገብተው ነበር። መንግሥት ከገቡ በኋላ የክፍያው ጣሪያ ወደ 9 ሺሕ ፓውንድ ከፍ አለ። በ2015 መራጩ 8 ወንበር ብቻ ተወላቸው። የጥምር መንግሥት በጎው ለትልቁ፣ ክፉው ለትንሹ ይጻፋል።

አረንጓዴ ፓርቲ በ2024 አራት ወንበር አገኘ። በሴፕቴምበር 2025 መሪ ከሆኑት ከዛክ ፖላንስኪ ጋር ከአካባቢ ጥበቃ ባሻገር በኑሮ ውድነትና በሀብታሞች ግብር ላይ ድምፁን ከፍ አድርጓል፤ በሌበር ያዘነ የግራ መራጭ አንዱ መጠጊያ ሆኗል።

## ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድስ?

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የየራሳቸው ምክር ቤትና መንግሥት አላቸው። ጤናና ትምህርት የሚተዳደሩት በኤዲንብራ፣ በካርዲፍና በቤልፋስት ነው። ስለዚህ በለንደን የሚወጣ የትምህርት ፖሊሲ ግላስጎው ያለውን ተማሪ አይመለከትም።

በስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲው ነፃነትን ይፈልጋል፤ በ2014 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ 55 በመቶ መራጭ ከብሪታንያ ጋር መቆየትን መርጧል። በዌልስ ፕላይድ ካምሪ ተመሳሳይ ዓላማ አለው፤ በኦክቶበር 2025 በኬርፊሊ የማሟያ ምርጫ ለዌልስ ምክር ቤት ሲወዳደር የሌበርን ነባር ወንበር ወስዷል። የሰሜን አየርላንድ ፓርቲዎች ደግሞ ጨርሶ ሌላ ናቸው፤ ክርክራቸው ከብሪታንያ ጋር መቆየት ወይስ ከአየርላንድ ጋር መዋሐድ በሚለው ላይ ነው። ውሕደቱን የሚሻው ሺን ፌን በ2024 ሰባት ወንበር ቢያሸንፍም እንደራሴዎቹ ለንጉሡ ታማኝነት አንምልም ብለው በለንደኑ ምክር ቤት አይቀመጡም። መራጮቻቸው ይህን እያወቁ ነው የሚመርጧቸው።

## ያለ ምርጫ ጠቅላይ ሚኒስትር እንዴት ይቀየራል?

ፓርቲው መሪውን ከቀየረ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ይቀየራል። 2022 ሙሉ ትምህርት ነው። ቦሪስ ጆንሰን በጁን የራሳቸው እንደራሴዎች በሰጡት የመተማመኛ ድምፅ 211 ለ148 ተርፈው ነበር። በአንድ ወር ውስጥ ግን ከ50 በላይ ሚኒስትሮችና ረዳቶች ተከታትለው ለቀቁ፤ መንግሥት የሚያቆም ሰው ሲጠፋ ጁላይ 7 መልቀቃቸውን አስታወቁ።

ተተኪውን የመረጡት የወግ አጥባቂው ፓርቲ አባላት ናቸው። ሊዝ ትረስ 81,326፣ ሪሺ ሱናክ 60,399 ድምፅ አገኙ። 67 ሚሊዮን ሕዝብ ያላት አገር መሪ በ81 ሺሕ የአንድ ፓርቲ አባላት ተወሰነ። ሴፕቴምበር 23 የትረስ መንግሥት 45 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ የሚያወጣ የግብር ቅነሳ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ሳያሳይ አወጀ። ለመንግሥት የሚያበድሩ ባለሀብቶች ደነገጡ፤ ፓውንድ ከዶላር ጋር ሲነጻጸር ታይቶ በማይታወቅ ደረጃ ወደቀ፤ የእንግሊዝ ባንክ የጡረታ ፈንዶችን ለማዳን የመንግሥት ቦንድ ለመግዛት ገባ፤ የቤት ብድር ወለድ ናረ። ትረስ ኦክቶበር 20 ለመልቀቅ ወሰኑ። ቀጥሎ ሱናክ ያለ ተወዳዳሪ ተመረጡ፤ በዚህኛው ዙር የፓርቲው አባላት እንኳ ድምፅ አልሰጡም።

ይህ ሁሉ ሕጋዊ ነው። ሕዝቡ የመረጠው እንደራሴዎችን እንጂ ሰውዬውን አይደለምና። ግን መራጩ በሥርዓቱ ላይ ያለውን እምነት እንደሸረሸረ መካድ አይቻልም፤ የ2024ቱ ውጤት ላይ አሻራው ይታያል።

## ሰፊ አብላጫ ያለው መንግሥት ለምን ይንገዳገዳል?

በየፓርቲው እንደራሴዎች በፓርቲው ውሳኔ መሠረት ድምፅ እንዲሰጡ የሚከታተሉ ተጠሪዎች አሉ። አሻፈረኝ ያለ ከፓርቲው የፓርላማ ቡድን ሊታገድ ይችላል። በጁላይ 2024 ከሁለት ልጅ በላይ ላለው ቤተሰብ ድጎማ የሚከለክለው ደንብ እንዲነሣ የደገፉ ሰባት የሌበር እንደራሴዎች ለስድስት ወር ታግደዋል። ገና በሥልጣን አንድ ወር ሳይሞላ ነው።

ዓመት ሳይሞላ ግን ጫናው አቅጣጫውን ቀየረ። መንግሥት ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ጡረተኞች የክረምት ማሞቂያ ድጎማ ከልክሎ፣ ቁጣው ሲበረታ በጁን 2025 አብዛኛውን መለሰው። ወዲያው ለአካል ጉዳተኞችና ለሕሙማን የሚሰጠውን ድጎማ ለመቀነስ ሲያስብ ከ120 በላይ የራሱ እንደራሴዎች ተቃውሞ ፈረሙ፤ የረቂቁ አንኳር ክፍሎች ተነሡ፤ እንዲያም ሆኖ 49ኙ ጁላይ 1 ተቃወሙ።

ምሥጢሩ ወደ መጀመሪያው ቁጥር ይመልሰናል። በጥቂት መቶ ድምፅ ያሸነፈ እንደራሴ ሁልጊዜ ቀጣዩን ምርጫ እያየ ነው የሚኖረው። የተጠሪው ቁጣ አንድ ነገር ነው፤ በምርጫ ክልሉ ከኋላው ያለው ሁለተኛ ተወዳዳሪ ሌላ ነገር። 411 ወንበር ከሩቅ ሲታይ ግንብ ነው፤ ብዙዎቹ ወንበሮች ግን የቆሙት በስስ ልዩነት ላይ ነው።

ከላይኛው፣ ከጌቶች ምክር ቤት የሚመጣው ተቃውሞ ከዚህ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። አባላቱ በሕዝብ አይመረጡም፤ ረቂቅ ማሻሻልና አብዛኛውን ሕግ አንድ ዓመት ያህል ማዘግየት ይችላሉ እንጂ ለዘለቄታው አያስቀሩም።

## ጥቂት ወንበር ያለው ፓርቲ እንዴት አገር ይለውጣል?

ስለ ብሪታንያ ፖለቲካ በጣም የሚዘነጋው ይህ ይመስለኛል። አቆጣጠሩ ትንሹን ፓርቲ ከወንበር ያርቀዋል፤ ከተጽዕኖ ግን አያርቀውም። ወንበር ያልሆነ ድምፅ በትልልቆቹ ልብ ውስጥ ፍርሃት ይሆናል።

ዩኪፕ በ2015 3.9 ሚሊዮን ድምፅ አግኝቶ አንድ ወንበር ብቻ ያዘ። ከዚያ በፊት ግን ካሜሮን መራጮቻቸው ወደ ዩኪፕ እንዳይሸሹ፣ የፓርቲያቸውም ጠብ እንዲበርድ ብለው በ2013 ስለ አውሮፓ ኅብረት ሕዝበ ውሳኔ ቃል ገብተው ነበር። በ2016 ከሕዝበ ውሳኔው ማግሥት ካሜሮን ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ፤ አገሪቱም ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ከኅብረቱ ወጣች። አንድ ወንበር የነበረው ፓርቲ የግማሽ ምዕተ ዓመቱን ትልቁን ለውጥ አስከተለ።

ዛሬ በስደት ጉዳይ የሚታየውም ከዚህ የራቀ አይደለም። ሌበር ሥልጣን እንደያዘ ጥገኝነት ጠያቂዎችን ወደ ሩዋንዳ የመላኩን የወግ አጥባቂዎች ዕቅድ ሰርዟል። በኖቬምበር 2025 ግን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሻባና ማህሙድ ጥገኝነት በየሁለት ዓመት ተኩሉ የሚታደስ ጊዜያዊ ፈቃድ እንዲሆን፣ በሕገወጥ መንገድ የገቡትም ቋሚ መኖሪያ ለማግኘት 20 ዓመት እንዲጠብቁ የሚያደርግ ዕቅድ አቀረቡ። ቀድሞ የነበረው አምስት ዓመት ነው። ሚኒስትሯ ምክንያታቸው የሥርዓቱ መፍረስ እንደሆነ ተናግረዋል፤ የሪፎርም ግስጋሴ ግን ከክርክሩ ሁሉ ጀርባ ቆሞ ነበር። ወረቀት ይዞ ለሚኖርም ሆነ ወረቀት ለሚጠብቅ የአገራችን ሰው ይህ የሩቅ ዜና አይደለም።

## በብሪታንያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ መምረጥ ይችላል?

እንደ ዜግነቱና እንደሚኖርበት ቦታ ይለያያል። በጠቅላላ ምርጫ መምረጥ የሚችሉት በአገሪቱ በሕጋዊ መንገድ የሚኖሩ የብሪታንያ፣ የአየርላንድና የኮመንዌልዝ አገሮች ዜጎች ናቸው። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም። ስለዚህ ለንደን ውስጥ በአንድ ሕንጻ የሚኖሩ አንድ ኬንያዊና አንድ ኢትዮጵያዊ ሁለቱም የመኖሪያ ፈቃድ ኖሯቸው፣ ሁለቱም ግብር እየከፈሉ፣ ኬንያዊው ይመርጣል፣ ኢትዮጵያዊው አይመርጥም። የብሪታንያ ዜግነት የወሰደ ግን ሙሉ መብት አለው። የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነት ስለማይፈቅድ ይህ ውሳኔ ለብዙዎች የስሜት ዋጋም ያስከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ወደ አገር ቤት በትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድ መምጣት ይችላሉ።

በስኮትላንድና በዌልስ የሚኖሩ ግን ብዙዎቹ የማያውቁት መብት አላቸው። እዚያ በሕጋዊ ፈቃድ የሚኖር የማንኛውም አገር ዜጋ፣ የስደተኝነት ፈቃድ ያገኘውም ጭምር፣ ለአካባቢ ምክር ቤትና ለየራሳቸው ፓርላማ መምረጥ ይችላል። የመምረጫው ዕድሜም ለእነዚህ ምርጫዎች 16 ዓመት ነው። ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ሆስፒታል የሚወስኑት ደግሞ እነዚህ ምክር ቤቶች መሆናቸውን ከላይ አይተናል።

ለመምረጥ አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ምዝገባው ከምርጫው ቀን 12 የሥራ ቀናት በፊት ይዘጋል። በእንግሊዝ በሚደረግ ምርጫና በአገር አቀፉ ጠቅላላ ምርጫ ፎቶ ያለው መታወቂያ ይጠየቃል፤ የሌለው ሰው የመራጭነት ማረጋገጫ ወረቀት በነፃ ማመልከት ይችላል። ለስኮትላንድና ለዌልስ ምክር ቤቶች ምርጫ መታወቂያ አይጠየቅም። የምርጫ ጣቢያዎች ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ክፍት ናቸው፤ ከመዘጋታቸው በፊት ሰልፍ የያዘ ሰውም ሳይመርጥ አይመለስም።